ለብቻ ጢያ ደርሶ መልስ፦ ቀኑን ከመመለሻው ጀምራችሁ አቅዱ

ጥንታዊ ትክል ድንጋዮች ያሉባት ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ጠዋት ወጥቶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። የራስ መኪና የግድ አይደለም፤ አስጎብኚ ድርጅትም የግድ አይደለም። ጓደኛ ቢኖር ደስ ይላል። ግን ጓደኛ እስኪመቸው መጠበቅ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዱ ለቅሶ አለበት፣ አንዷ ቅዳሜ ሥራ ትገባለች፣ ሌላው "በሚቀጥለው ሳምንት ይሁን" ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ክረምቱ ከች ይላል። ስለዚህ ለብቻ ስለ መሄድ እናውራ።

በሕዝብ ትራንስፖርት ለብቻ ሲኬድ ከባዱ መሄዱ አይደለም። መሄጃው ሞልቷል። ከባዱ መመለሱ ነው። ስለዚህ እቅዱን ከመጨረሻው ጀምሩት። ስንት ሰዓት ላይ የአዲስ አበባ መግቢያ የሆነችው ዓለም ገና መድረስ ትፈልጋላችሁ? መልሱ "ሳይመሽ" ከሆነ፣ 11 ሰዓት አካባቢ በሉት። እንግዲያው ከጢያ የምትነሱት ቢዘገይ ቢዘገይ 8 ሰዓት ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህች ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይሄዳል፤ ምሳውም፣ ፎቶውም፣ ጉብኝቱም።

በዚህ መንገድ ላይ ሦስት የሚታዩ ቦታዎች አሉ፤ የጥንት ሰው ቅሪት የተቆፈረበት መልካ ቁንጡሬ፣ ከአለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን አዳዲ ማርያም እና ጢያ። አስጎብኚዎች በራሳቸው መኪና ሦስቱንም በአንድ ቀን ያዞራሉ። እናንተ ግን ሚኒባስ ጠባቂ ናችሁ፣ ሦስቱን አትሞክሩ። ጢያ ላይ አንዱን ጨምሩና ይብቃችሁ። ከከተማ ስትወጡ መጀመሪያ የሚመጣው መልካ ቁንጡሬ ነው፤ እዚያው ወርዶ "እግረ መንገዴን ልየው" ማለት ያምራል። አትውረዱ። እለፉት። መጀመሪያ ሩቁን፣ ከዚያ ወደ ቤት እየተመለሳችሁ የቅርቡን። ጢያ ላይ ነገሩ ከተራዘመ መልካ ቁንጡሬን ትተዉታላችሁ፣ ማንም አይጎዳም። በተቃራኒው ከሆነ ግን ሩቁ ቦታ ላይ ሆናችሁ ነው ሰዓቱ የሚያልቅባችሁ።

ቀን አመራረጡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናብ ነው። ጢያ ራሱ ከአስፋልቱ ብዙ ስለማይርቅ በክረምትም ይደረሳል፤ ጭቃውን ከቻላችሁት ማለቴ ነው። አዳዲ ማርያም ግን በክረምት አይመከርም። ከሁሉም በላይ የምትሸሹት ከመስቀል በፊት ያሉትን ቀናት ነው። መስከረም 17 ሲደርስ አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ሁሉ ልጁን፣ ስጦታውንና ቅቤውን ይዞ በዚሁ መንገድ ወደ አገሩ ይገባል። ያኔ ጢያን አልፎ የሚሄደው የቡታጅራ መኪና ላይ ወንበር ማግኘት ማለት እድል ነው፤ ዋጋውም ከታሪፉ ጋር መተዋወቁን ይተዋል። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ ያው ሰው በሙሉ ይመለሳል። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት በኋላ ነው። መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱም ደርቋል።

ሌላው የጸጥታ ጉዳይ ነው። ይህን ሳይጠይቁ መንገድ መጀመር ደግ አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን በመስመሩ የሚሠራ ሹፌር ወይም ረዳት ጠይቁ፤ ለእነሱ እንጀራቸው ስለሆነ መንገዱ ሰላም መሆኑንና አለመሆኑን ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ጥያቄውም ቀላል ነው፦ "መንገዱ እንዴት ነው ሰሞኑን?" ፊታቸው ከተኮሳተረ ወይም "እንግዲህ…" ብለው ከጀመሩ ለሌላ ሳምንት አስተላልፉት። ድንጋዮቹ የትም አይሄዱም።

የምትይዙት ነገር ብዙ አይደለም። መታወቂያ ዋናው ነው። ኬላ ላይ መኪናው ሊቆምና ሁሉም ሰው "መታወቂያ!" ሊባል ይችላል፣ መታወቂያ የሌለው ብቸኛ መንገደኛ ደግሞ ማብራሪያው ይረዝምበታል። ጥሬ ብር ያዙ፣ ዝርዝር አድርጋችሁ። ቴሌብር ሁሉ ቦታ ይሠራል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም። ኮፍያ፣ ውሃ፣ ፓወር ባንክ። ጠዋት ይበርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ስለዚህ የሚወልቅ ጃኬት ይሻላል። አዳዲን ካሰባችሁ ነጠላ ጨምሩ። ቦርሳው ጭን ላይ የሚያዝ ይሁን፤ ትልቅ ከሆነ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ መውረጃችሁ ላይ ሙሉ መኪና እናንተን ይጠብቃል።

ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ብቻ ቢሆንም፣ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። የታርጋ ቁጥር ፎቶ አንስቶ መላክም ጥሩ ልማድ ነው። ሲበዛ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ይምሰለው።

አሁን ወደ መንገዱ። ከአዲስ አበባ መውጫው በአየር ጤና በኩል ነው፤ ካራ ቆሬን አልፋችሁ ዓለም ገና ትደርሳላችሁ። እዚያ ላይ የጅማው መንገድ ወደ ሰበታ ቀጥ ብሎ ሲሄድ የቡታጅራው ወደ ግራ ይታጠፋል። እኔ የምኖረው ዓለም ገና ስለሆነ ከቤቴ ስወጣ ግማሹን የሄድኩ ይመስለኛል። እናንተ ከቦሌ ወይም ከሲኤምሲ የምትመጡ ከሆነ ግን ከተማውን ማቋረጡ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ቤት ለቃችሁ ውጡ። መናኸሪያ ገብታችሁ ቀጥታ የቡታጅራ መኪና ካገኛችሁ ጥሩ። ካልሆነ በታክሲ እስከ ዓለም ገና፣ ከዚያ መታጠፊያው ላይ ሌላ መኪና። "ቡታጅራ! ቡታጅራ!" የሚለውን ድምፅ ተከተሉ፣ አትስቱትም።

ከመግባታችሁ በፊት "ጢያ እወርዳለሁ" በሉ። ረዳቱ እስከ ቡታጅራ ያለውን ሙሉ ሒሳብ ክፈሉ ሊል ይችላል። ጢያ ላይ በምትለቁት ወንበር ሌላ ሰው ማግኘቱ እርግጠኛ አይደለም፣ እንደ አካሄዱ ትክክል ነው። መከራከር ይቻላል፣ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ጠዋቱን በጭቅጭቅ አትጀምሩት። ሚኒባስ ወይም አባዱላ ከቅጥቅጥ ይፈጥናል፤ ቅጥቅጡ ደግሞ በየቦታው ይቆማል፣ ጣሪያው ላይ ፍራሽም በግም ሊኖር ይችላል። ከቻላችሁ ከሹፌሩ ኋላ መስኮት ዳር ተቀመጡ። የአዋሽን ድልድይ ስታልፉ ማየት ትፈልጋላችሁ።

መኪና ውስጥ ጥያቄው አይቀርም። "ብቻሽን ነው የመጣሽው?" አጠገቤ የሚቀመጡ እናቶች ሁሉ የሚጠይቁኝ ነው። ክፋት የለበትም፣ ለሴት ልጅ ብቻዋን ድንጋይ ልታይ መሄድ ነገሩ ግር ስለሚላቸው ነው። "አዎ እማማ፣ ጢያን ላይ ነው" ማለት በቂ ነው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ራሳቸው ይጠብቁሻል፤ መውረጃው ሲደርስ ከረዳቱ ቀድመው "ይቺ ልጅ ትወርዳለች!" ብለው የሚጮኹት እነሱ ናቸው። አጠገብሽ የተቀመጠው ወጣት ከሆነና ጥያቄው ከበዛ ደግሞ "ዘመድ እየጠበቀኝ ነው" ማለት ኃጢአት አይደለም።

ጢያ ትንሽ ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ ወደ ትክል ድንጋዮቹ በእግር ትንሽ ነው። ልጆች ይከተሏችኋል፣ አንዱ አስጎብኚ ልሁን ይላል። በሰላምታና በፈገግታ እለፉ። መግቢያው ላይ ትኬት ቁረጡ፣ ደረሰኙን ያዙ፣ የቦታውን አስጎብኚ እዚያው ጠይቁ። ለአስጎብኚ የሚከፈለውን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ካለቀ በኋላ ዋጋ መጠየቅ ለሁለቱም አይመችም።

ከገባችሁ በኋላ ወዲያው ስልክ አታውጡ። መጀመሪያ አንዴ ዙሩት። ግቢው ሰፊ አይደለም፣ ሣር ላይ የቆሙ ድንጋዮች ናቸው፣ ጥቂቱ ዘመም ብሏል። አክሱምን ጠብቃችሁ ከመጣችሁ "ይሄው ነው?" ልትሉ ትችላላችሁ። ታገሡ። ጢያ በቁመት አይደለም የሚያስደንቀው። ቀረብ ብሎ ማየትን ይፈልጋል።

36 ድንጋዮች አሉ፤ ከእነሱ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። በብዛት የምታዩት ሰይፍ ነው። ስለቱ ሰፋ ብሎ የሚሾል፣ ሦስት ማዕዘን ቢጤ ሰይፍ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ተደርድሮ ብዙ። ክብ ክብ ምልክቶችም አሉ። ወደ ታች ደግሞ ቅርንጫፍ የሚመስል ነገር አለ፤ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ቅጠል ያለው ተክል ይመስላል፣ አንዳንዱ ሰው እንሰት ነው ይላል። ዞር ብላችሁ በአካባቢው ያለውን የእንሰት ጓሮ ስታዩ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። የተረጋገጠ ግን አይደለም። አብዛኞቹ ምልክቶች እስካሁን አልተፈቱም።

እዚህ ጋ አንድ ምክር። አስጎብኚዎች "የሰይፉ ብዛት ጀግናው የገደለው ሰው ብዛት ነው" ይላሉ። ጥሩ ታሪክ ነው። ግን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ "ይሄ በቁፋሮ የተገኘ ነው ወይስ የሚነገር?" ጎበዝ አስጎብኚ ሁለቱን ለይቶ ይነግራችኋል፣ በጥያቄውም ደስ ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ የሸመደደውን ትቶ እውነተኛ ወሬ ይጀምራል። በአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን "የግራኝ ድንጋይ" ሲል ትሰማላችሁ፣ ግራኝ አህመድ የተከላቸው ናቸው በሚል። ግራኝ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች በቁፋሮ ያገኙት ግን ከዚያ የቀደመ ነገር ነው፤ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የሚገመት የመቃብር ቦታ።

አዎ፣ መቃብር ነው። ከሥር የተገኙት አጽሞች በብዛት ወጣቶች ናቸው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆናቸው፣ ሴትም ወንድም። የተቀበሩትም እጅና እግራቸው ታጥፎ፣ እናት ሆድ ውስጥ እንዳለ ሕፃን ተጠቅልለው ነው። ይህን ከሰማችሁ በኋላ ግቢውን ድጋሚ ዙሩት፣ ሌላ ቦታ ይሆንባችኋል። የወደቀ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰልፊ የሚነሳ ሰው ካያችሁም ለምን እንደሚያናድድ ይገባችኋል። ድንጋዮቹን አትደገፉ፣ ምልክቱ ጎልቶ ይታይ ብላችሁም በጠመኔ ወይም በከሰል አታድምቁት።

ምልክቱን የሚያጎላው ፀሐይ ነው። ጠዋት ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የሰይፎቹ ጠርዝ ጥላ ይሠራል፣ ሁሉም ነገር ይነበባል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ያው ድንጋይ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ፎቶውም ግራጫ ነገር ይሆናል። ሩቁን መጀመሪያ ያልኩት ለዚህም ነው። 3 ሰዓት አካባቢ ከደረሳችሁ ብርሃኑ ገና ደህና ነው። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎን ቆማችሁ አንሱ። ብቻችሁን ስለሆናችሁ ከእናንተ ጋር ያለውን ፎቶ አስጎብኚው ያነሳላችኋል፣ በዚህ የሠለጠኑ ናቸው።

ይህ ቦታ በ1980 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት ማለት ነው። ጢያ ባለችበት በሶዶ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ወደ 160 የሚጠጉ ቦታዎች ተገኝተዋል፣ ጢያ ከዋነኞቹ አንዱ ነው። እንዲህም ሆኖ ቅዳሜ ጠዋት ሄዳችሁ ግቢው ውስጥ እናንተና አስጎብኚው ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ያሳዝናል፣ ለብቸኛ ተጓዥ ግን ከዚህ የተሻለ ምን አለ።

አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከዚያ ምሳ። ጉራጌ አገር መጥቶ ክትፎ ሳይበሉ መመለስ ነውር ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ወይም ጾም ካልሆነ በቀር። ጢያ ላይ ቀለል ያለ ነገር ታገኛላችሁ፤ ምርጫ ከፈለጋችሁ ወደ ደቡብ ቀጥሎ ያለችው ቡኢ ትሻላለች። አይቡና ጎመኑ አብሮ ይምጣ፣ ቆጮ ካለ ከእንጀራ ይልቅ ቆጮውን በሉ። ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ውስጥ ስለምትቀመጡ ጥሬውን ለሌላ ቀን አቆዩትና ለብለብ እዘዙ። ይህን ያልኩት ለሆዳችሁ ብዬ ነው።

ወደ ቡኢ መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ከጢያ አስፋልት ዳር ቆሞ የአዲስ አበባ መኪና መጠበቅ ትዕግሥት ይፈትናል። ከቡታጅራ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሞልቶ ነው፤ ረዳቱ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ "ሙሉ ነው!" ብሎ ያልፋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እንዲህ ካለፉ በኋላ አትድረቁ። ወደ ኋላ ወደ ቡኢ ተሳፈሩና ሰው ከሚወርድበትና ከሚጫንበት ቦታ ወንበር ይዛችሁ ተመለሱ። ትንሽ ብር ይጨምራል፣ ግን ቁጭ ብላችሁ ትመጣላችሁ።

7 ሰዓት ተኩል ሳይሆን ተመላሽ መኪና ውስጥ ከሆናችሁ መልካ ቁንጡሬ ላይ መውረድ ይቻላል። ከአዲስ አበባ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፣ አዋሽ ወንዝ ዳር። በ1963 ጄራርድ ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው ቦታውን ያገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ቁፋሮው ብዙ ነገር አውጥቷል። ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሕፃን መንጋጋ አጥንት፣ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር ዱካ፣ በዱካው ውስጥ የልጆችም አለ። ሙዚየሙ በክብ ጎጆ ቅርጽ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ነው። የድንጋይ መሣሪያዎቹን ቀስ ብላችሁ እዩ፤ በተለይ እዚያው አቅራቢያ ካለው ከባልጪት የመጣውን ኦብሲዲያን፣ ማለትም ጥቁር አንጸባራቂ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ጠርዙ ዛሬም ሽንኩርት የሚከትፍ ይመስላል። መሬት ላይ እንዲህ ዓይነት ስባሪ ብታገኙ ኪስ አትክተቱት። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፣ ስለዚህ ወደ ቤት ስትመለሱ በአንድ ቀን ሁለት የዓለም ቅርስ አይቻለሁ ብሎ መኩራራት ይፈቀዳል። እዚህ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ አስፋልት ላይ። ወደ ዓለም ገና የቀረው አጭር ስለሆነ መኪናው ላይ ብዙ አትምረጡ፣ የቆመላችሁን ተሳፈሩ።

አዳዲ ማርያምን የምትመርጡ ከሆነ መልካ ቁንጡሬን እርሱት። በንጉሥ ላሊበላ ስም የሚነገር ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከላሊበላዎቹ ያነሰና ያልተወለወለ፣ ግን አገልግሎት ላይ ያለ። ችግሩ መንገዱ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ምዕራብ ከ12 ኪሎ ሜትር የማያንስ የገጠር መንገድ አለ፣ መኪና በሰዓቱ አይገኝም፣ ብዙ ጊዜ ሞተር ሳይክል መደራደር ይመጣል። ከተደራደራችሁ የደርሶ መልስ ዋጋ ተስማሙ፣ ግማሹን ብቻ ቀድማችሁ ክፈሉ፣ ባለ ሞተሩም እዚያው ይጠብቃችሁ። ወር በገባ በ21 ማርያም ስለሆነች ሰው ይበዛል፤ ለመሳለም ከሆነ እሰየው፣ ሕንጻውን ረጋ ብሎ ለማየት ከሆነ ሌላ ቀን ይሻላል። ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች በሴቶች በር ይገባሉ፣ ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ እስኪያልቅ ከውጭ መጠበቅ ነው። ባትሪ ያዙ፣ ውስጡ ጨለማ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አዳዲ የራሱ ቀን ይገባዋል፤ ከጢያ ጋር በአንድ ቀን በሚኒባስ ማጣመሩ ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ሰዓቱ ካለፈባችሁስ? 10 ሰዓት ሆኖ ገና ጢያ ከሆናችሁና መኪና ሞልቶ እያለፈ ከሆነ፣ በጨለማ በማይታወቅ መኪና ወደ አዲስ አበባ ከመግፋት ወደ ደቡብ ወርዶ ቡታጅራ ማደር ይሻላል። ሆቴል አለ፣ ከተማው ደህና ነው፣ ጠዋት የመጀመሪያው መኪና ያመጣችኋል። ለዚህ የምትሆን ብር ለብቻዋ ለይታችሁ መታወቂያው ኋላ አስቀምጡ። ለምሳም፣ ለአስጎብኚም፣ ለማንም አትነካም። ቤት ለቀረው ሰውም ወዲያው ደውሉለት፣ ባትሪው ሳያልቅ።